ዘይት የሚሻው ቀበቶና ዘይት የሚጠላው ቺንጋ፦ የቤት ውስጥ መሮጫ ማሽን ዕድሜ በምን ይረዝማል?

የስኳር እና የደም ግፊት ሕሙማን በየክትትሉ ከሐኪም ከሚሰሟቸው ምክሮች አንዱ «ይራመዱ» የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ክብደት ያለው የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። ምክሩን ለመፈጸም ግን መንገዱና ወቅቱ ለሁሉም እኩል አይመቹም። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ በዳገትና ቁልቁለት ላይ የተቀመጠች፣ በክረምትም በበልግም ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ጉልበቱ የደከመ አረጋዊ በጭጋጋማ ማለዳ ከሆጤ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ያህል ሊራመድ ቢያስብ ጭቃው፣ ብርዱና አቀበቱ ሊያግዱት ይችላሉ።

በተለምዶ ትሬድሚል የሚባለው የመሮጫ ማሽን ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው ለዚህ ነው። አንዱ ከገበያ ይገዛዋል፤ ሌላው ከውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ ይላክለታል። ማሽኑ ርካሽ አይደለም፤ መለዋወጫውም በየሱቁ አይገኝም። ብዙ ጊዜ ለብልሽት የሚዳርገው ግን ውድ የሆነው ክፍሉ በራሱ ጊዜ ማርጀቱ አይደለም። ከመሮጫው ቀበቶ ሥር ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ደርቆ ሳለ ማንም ሳያየው መቆየቱ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ዘይት በጊዜው ባለመቀባቱ ሞተሩና የኤሌክትሪክ ቦርዱ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

አንድ ማሽን፣ ሁለት ቀበቶ

የመሮጫ ማሽን አሠራሩ ለወፍጮ ቤት ደንበኛ እንግዳ አይደለም። ከፊት ባለው ክዳን ሥር ሞተር አለ። ሞተሩ በጎኑ ባለ ፑሊ አማካይነት አንዲት ጠባብ ቺንጋ ያዞራል፤ ቺንጋዋ ደግሞ የፊተኛውን ሮለር ታዞራለች። በፊተኛውና በኋለኛው ሮለር መካከል የተወጠረው ሰፊ ቀበቶ ሰው የሚራመድበት ነው። ከዚህ ሰፊ ቀበቶ ሥር ሰውን የሚሸከም፣ ብዙ ጊዜ ከኤምዲኤፍ የተሠራና ገጹ በለስላሳ ሽፋን የተለበጠ ጣውላ ተዘርግቷል።

እንግዲህ በአንድ ማሽን ውስጥ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ቀበቶዎች አሉ ማለት ነው። ከሞተሩ ወደ ሮለሩ ኃይል የምታስተላልፈው ቺንጋ ሥራዋ ፑሊውን ነክሳ መያዝ ነው። ዘይት ከነካት ትንሸራተታለች፤ ኃይሉም በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ ደረቅ ሆና መኖር አለባት። ሰው የሚራመድበት ሰፊ ቀበቶ ግን በጣውላው ላይ መንሸራተት ግዴታው ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውየው ክብደት ቀበቶውን ከጣውላው ጋር ያጣብቀዋል። በሩጫ ጊዜ እግር መሬት ሲነካ የሚያሳርፈው ኃይል ከሰውነት ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ሞተሩ ይህን ሁሉ ጫና ተቋቁሞ ቀበቶውን መጎተት ስላለበት በሁለቱ መካከል የሚያለሰልስ ነገር ያስፈልጋል።

የጥገና ስሕተት የሚጀምረው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት ነው። አንዳንዱ «ቀበቶ በዘይት አይነካም» ብሎ ሰፊውን ቀበቶ በደረቁ ያስኬደዋል። ሌላው «ማሽን ሁሉ ዘይት ይወዳል» ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ሮለሩንና ቺንጋዋን ሳይቀር ይቀባል። ሁለቱም ማሽኑን ይጎዱታል።

ስሙም ከወፍጮ የመጣ ነው

የመሮጫ ማሽን ከወፍጮ ጋር ያለው ዝምድና በአሠራር ብቻ የሚቆም አይደለም። ትሬድሚል የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ «በእግር የሚረገጥ ወፍጮ» እንደማለት ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ኩቢት እ.ኤ.አ. በ1818 እስረኞች እየረገጡ የሚያዞሩት ትልቅ መንኮራኩር ሠራ። በለንደን ብሪክስተን እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ1821 የተተከለው መንኮራኩር እህል ይፈጭ ነበር። ያ የቅጣት መሣሪያ በብሪታንያ እስከ ምዕተ ዓመቱ ማብቂያ ድረስ ሲሠራበት ኖሮ በሕግ ቀርቷል።

ዛሬ የሚታወቀው በሞተር የሚዞር መሮጫ የመጣው በሕክምና በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙ ሮበርት ብሩስና መሐንዲሱ ዌይን ኩዊንተን የልብ ሕሙማንን ለመመርመር የሚያገለግል መሮጫ አዘጋጁ። ከዚያም መሐንዲሱ ዊሊያም ስታውብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ቀላል ማሽን ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። የወፍጮው ዘመድ በዚህ መንገድ ተመልሶ ወደ ቤት ገባ።

ደረቅ ቀበቶ ምን ያደርሳል?

ዘይቱ ሲያልቅ በቀበቶውና በጣውላው መካከል ያለው ሰበቃ ይጨምራል። ሞተሩ የታዘዘውን ፍጥነት ለመጠበቅ ሲል ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይስባል። ይህ ጭማሪ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ በአንድ በኩል የቀበቶውን የውስጥ ጨርቅና የጣውላውን ሽፋን ይልጣል። በሌላ በኩል ፍጥነቱን የሚቆጣጠረውን ቦርድ ያቃጥላል። አንዴ የጣውላው ሽፋን ከተላጠ ደግሞ ዘይት ቢጨመርም ሰበቃው እንደ ቀድሞው አይቀንስም።

ደሴን የመሰለ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ለዚህ ችግር ተጨማሪ ምክንያት አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተርና ቦርድ የሚቀዘቅዙት በዙሪያቸው በሚያልፈው አየር በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ሙቀቱ ቶሎ አይወሰድም። የኤሌክትሪክ ሞተሮች ዓለም አቀፍ ደረጃም በመደበኛነት የሚታሰበው እስከ 1 ሺህ ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ የሞተሩን ጭነት መቀነስ ይመከራል። ኮምቦልቻ በ1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ከደሴ ይልቅ ሞቃት ናት። ስለዚህ በሁለቱም ከተሞች ደረቅ ቀበቶን ችላ ማለት ዝቅተኛና ቀዝቃዛ በሆነ አገር ከሚያስከትለው የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይመዘንም። የደረቀ ቀበቶ እግር ሲያርፍበት ለቅጽበት ይያዝና እንደገና ይፈተለካል። ለወጣት ሯጭ ይህ መደናቀፍ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለአረጋዊ ግን ወድቆ አጥንት መሰበር ሊሆን ይችላል። ለጤና ተብሎ የተገዛ ዕቃ የጤና ጠንቅ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ምልክቶቹ

ማሽኑ ከመቃጠሉ በፊት ይናገራል፤ የሚሰማው ካገኘ። ቀበቶው ሰው ሲወጣበት ፍጥነቱ ከቀነሰ፣ የመፋተግ ወይም የጩኸት ድምፅ ካሰማ፣ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ ካመጣ፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ክፍል ከወትሮው ይልቅ ከሞቀ ወይም ብሬከሩ እየደጋገመ ከወደቀ ዘይቱን ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚታመነው ፈተና ግን በእጅ የሚደረገው ነው። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ስፒናው ከሶኬት ተነቅሎ፣ እጅን ከቀበቶው ጎን ወደ መሐል ማስገባትና የቀበቶውን የውስጥ ገጽ መዳሰስ ነው። ጣት ላይ ስስ ቅባት ከቀረ ዘይት አለ፤ መጨመር አያስፈልግም። ደረቅ ሆኖ ከተገኘና ጣት ላይ ጥቁር ትቢያ ብቻ ከቀረ ጊዜው ደርሷል። ጠርዙ ሳይሆን እግር የሚያርፍበት መሐሉ መዳሰስ አለበት፤ ዘይቱ ቀድሞ የሚያልቀው ከዚያ ነውና።

በምን ያህል ጊዜ ልዩነት መቀባት እንዳለበት የየአምራቹ መመሪያ ይለያያል። በስፋት የሚሠራበት ልማድ በየሦስት ወሩ ወይም ከ40 ሰዓት ገደማ አገልግሎት በኋላ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ጊዜ ማየት ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚራመድበት ቤተሰብ ከዚያ ሊያዘገየው ይችላል። ሦስት አራት ሰዎች በየቀኑ የሚሮጡበት ቤት ግን በየወሩ መዳሰስ ይኖርበታል። አንዳንድ ማሽኖች ከፋብሪካ በሰም የተነከረ ቀበቶ ይዘው ይመጣሉ፤ እነዚህ ጨርሶ ዘይት እንዳይጨመርባቸው መመሪያቸው ያዛል። በመሆኑም የማሽኑን መመሪያ ማንበብ ከሁሉ ይቀድማል።

የትኛው ዘይት?

ለመሮጫ ቀበቶ የሚመከረው መቶ በመቶ ንጹሕ የሲሊኮን ዘይት ነው። ሲሊኮን ሙቀትን ይችላል፣ በቶሎ አይተንም፣ ላስቲክና ማጣበቂያን አይበላም። በስፖርት ዕቃ መደብሮች በትንንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። ማሽኑ ሲገዛ አብሮት የሚመጣውን ጠርሙስ መጣል አይገባም።

በቤት ወይም በጋራዥ በቅርብ የሚገኙ ሌሎች ዘይቶች አይተኩትም። የሞተር ዘይት፣ ግራሶ፣ ናፍጣ፣ ላምባና ቫዝሊን ከነዳጅ የሚገኙ በመሆናቸው የቀበቶውን ላስቲክ ያሳብጣሉ፤ ንብርብሩን ያያያዘውንም ማጣበቂያ ያላላሉ። የስፌት ማሽን ዘይትም ምንም እንኳ ንጹሕና ቀጭን ቢሆን ከዚሁ ወገን ነው። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ የሚረጩ ፈሳሾች አብዛኛው ክፍላቸው ማሟሟያ ስለሆነ ያለውን ዘይት አጥበው ይወስዳሉ። የምግብ ዘይት ደግሞ በሙቀትና በአየር እየወፈረ ሙጫ ይሆናል፤ አቧራንም ይሰበስባል። ለመኪና ዳሽቦርድ ማብረቂያ ተብለው የሚሸጡ የሲሊኮን ስፕሬዮች ሽቶና ሌላ ፈሳሽ የተቀላቀለባቸው በመሆናቸው በስማቸው ብቻ መታለል አይገባም።

አቀባቡ ደረጃ በደረጃ

ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ባለሙያም የግድ አይፈልግም። በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

1. ማሽኑ ይጠፋል፤ የደኅንነት ቁልፉ ይነሣል፤ ስፒናው ከሶኬት ይነቀላል። በማብሪያና ማጥፊያው ብቻ መተማመን አይበቃም።

2. ደረቅና ክር የማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ ከቀበቶው ሥር በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ከፊት ወደ ኋላ ቢጠርገው አሮጌው ቆሻሻ ይወጣል። ሳሙናም ሆነ ውኃ አይነካውም።

3. ቀበቶው እጅ የማያስገባ ከሆነ ከኋላ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ብሎኖች በባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ እኩል ይላላሉ። ስንት ዙር እንደላሉ መቁጠርና መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሥራው ሲያልቅ በዚያው ቁጥር ይመለሳሉ።

4. የቀበቶው ጠርዝ ከፍ ተደርጎ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ጣውላው ላይ ከፊት ወደ ኋላ በተጠማዘዘ መስመር ይንጠባጠባል። በሌላው ጎንም ተመሳሳይ መጠን ይደረጋል። ዘይቱ ወደ ጠርዝ ሳይሆን እግር ወደሚያርፍበት መሐል መድረስ አለበት። መመሪያው ሌላ መጠን ካዘዘ የመመሪያው ይጸናል።

5. ብሎኖቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ማሽኑ ይሰካል። ማንም ሳይወጣበት በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለአምስት ደቂቃ ያህል ይዞራል። ቀጥሎም አንድ ሰው የእጅ መያዣውን ይዞ፣ እግሩን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያሳረፈ ለጥቂት ደቂቃ ይራመድበታል። ዘይቱ በእኩል የሚዳረሰው በዚህ ነው።

6. በጠርዙ በኩል የወጣ ትርፍ ዘይት በጨርቅ ይጠረጋል። ወለሉ ላይ የፈሰሰ ካለ ወዲያው መጽዳት አለበት፤ ሲሊኮን የነካው ወለል በጣም ያንሸራትታል።

«ትንሽ ከበጀ ብዙ ይበልጥ ይበጃል» የሚል ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም። ዘይት ሲበዛ ቀበቶው ሮለሩን መንከስ ያቅተዋል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ ወደ ሞተሩ ክፍልም ይንጠባጠባል። ያኔ ደረቅ መሆን ያለባት ቺንጋ ትረጥባለች።

ውጥረቱና አቅጣጫው

ዘይቱ በቂ ሆኖ ሳለ ቀበቶው አሁንም የሚንሸራተት ከሆነ ጉዳዩ የውጥረት ነው። በትክክል የተወጠረ ቀበቶ ማሽኑ በጠፋበት ጊዜ ከመሐሉ ጠርዝ ሲነሣ ከጣውላው ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከዚያ በላይ ከተነሣ ላልቷል። አልነሣ ካለ ደግሞ ከልክ በላይ ተወጥሯል፤ ይህም የሮለሮቹን ኩሽኔታ ያለጊዜው ይበላል፤ ሞተሩንም ያደክማል። ማስተካከያው ሁለቱን የኋላ ብሎኖች በእኩል፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ ማዞር ነው። ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ መሄድ ችግሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግረዋል።

ቀበቶው ወደ አንድ ጎን የሚሸሽ ከሆነም መፍትሔው በእነዚሁ ብሎኖች ነው። ማሽኑ ባዶውን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ እየዞረ ከኋላ ይታያል። ቀበቶው ወደ ቀኝ ከሸሸ የቀኙ ብሎን የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ሩብ ዙር ይጠብቃል፤ ወደ ግራ ከሸሸ የግራው። ከዚያ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቀበቶው ወደ መሐል የሚመለሰው ቀስ እያለ ነው። በዚህ ጊዜ ጣት፣ የነጠላ ጫፍና የተለቀቀ ፀጉር ከሚዞረው ሮለር መራቅ አለባቸው።

መንሸራተቱ ከየትኛው ቀበቶ እንደሆነ ለመለየትም ቀላል መንገድ አለ። ሰው ሲወጣበት ሰፊው ቀበቶ ቆሞ የፊተኛው ሮለር መዞሩን ከቀጠለ የላላው ሰፊው ቀበቶ ነው። ሮለሩም አብሮ ቆሞ ሞተሩ ብቻ የሚዞር ከሆነ ግን የላላችው ወይም ዘይት የነካት ከክዳኑ ሥር ያለችው ቺንጋ ናት። ያኔ ክዳኑን የሚከፍተው ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም በቦርዱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የሚቆይ ኤሌክትሪክ አለና።

መብራት፣ አቧራና እርጥበት

የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካና ካናዳ የሚላኩ ብዙ ማሽኖች ግን ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸው። ጀርባቸው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ሳይነበብ በቀጥታ ከተሰኩ ቦርዳቸው በቅጽበት ይቃጠላል። የመቀነሻ ትራንስፎርመሩም አቅም ከማሽኑ ፍጆታ በላይ መሆን አለበት። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ፣ ባለ ሁለት የፈረስ ጉልበት ሞተር ብቻውን ወደ 1 ሺህ 500 ዋት ይፈልጋል። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ላይ መሰካት፣ ወይም እንጀራ እየተጋገረበት ካለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ መስመር ማስኬድ ገመዱን ያግላል፤ ለማሽኑ የሚደርሰውንም ኃይል ያወርዳል። የመሬት መስመር ያለው ሶኬት መጠቀምም የግድ ነው።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ቀበቶው ይቆማል። የሚራመደው ሰው በተለይ አረጋዊ ከሆነ መያዣውን መልመድ ያለበት ለዚህ ነው። ከዚያም የደኅንነት ቁልፉን ማንሣትና ስፒናውን መንቀል ይገባል፤ መብራት ሲመለስ የሚፈጠረው የቮልት መዋዠቅ ቦርዱን ሊጎዳ ይችላል።

አቧራ የዘይት ጠላት ነው። ከቀበቶው ሥር የገባ ደቃቅ አሸዋ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ይሆናል። በበጋ ነፋስ ወቅት፣ በተለይም ገለባና እብቅ በሚበንበት የገጠር ቤት፣ ማሽኑን በጨርቅ መሸፈንና በየሳምንቱ ዙሪያውን መጥረግ ይጠቅማል። ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጤማም ከማሽኑ ኋላ መራቅ አለበት፤ የኋለኛው ሮለር ያገኘውን ሁሉ ወደ ሥሩ ይስባልና። በክረምት ደግሞ በረንዳና እርጥብ ግድግዳ አጠገብ ማስቀመጥ ጣውላውን ያሳብጠዋል። ኤምዲኤፍ አንዴ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም።

ሕፃናት ባሉበት ቤት

ማሽኑ ሥራ ላይ በሌለበት ጊዜ ሁሉ የደኅንነት ቁልፉ ተነሥቶ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት። የሚዞር ቀበቶ የሕፃን እጅ ሲይዝ ቆዳን በመፋተግ ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ፔሎተን የተባለው አምራች ሕፃናትና ዕቃዎች ከኋላ በኩል ወደ ማሽኑ ሥር እየተሳቡ የመግባታቸው ሪፖርት በመብዛቱና የአንድ የስድስት ዓመት ሕፃን ሕይወት በማለፉ 125 ሺህ ገደማ ማሽኖቹን ከገበያ ሰብስቧል። ከማሽኑ ኋላ ሁለት ሜትር፣ ከግራና ቀኙም ግማሽ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ መተው ለሚወድቅ ሰው ማረፊያ ይሆናል። የማሽኑን ጀርባ ከግድግዳ ማስጠጋት ግን የወደቀውን በቀበቶውና በግድግዳው መካከል ያጣብቀዋል።

ለወፍጮና ለውኃ ፓምፕ ባለቤቶች

የመሮጫ ማሽኗን ቺንጋ የሚገዛው ሕግ የገጠሩን ወፍጮና የመስኖ ፓምፕም ይገዛል። ቺንጋ ሲጮኽ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት ድምፁን ለጊዜው ቢያጠፋም መንሸራተቱን ያባብሳል፤ ላስቲኩንም ያበሰብሳል። ትክክለኛው እርምጃ ሞተሩን አጥፍቶ ውጥረቱን መለካት ነው። የቪ ቅርጽ ላላት ቺንጋ በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ባለው እያንዳንዱ አንድ ሜትር ርቀት፣ መሐሏ ሲጫኑት 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ብትል ተገቢ ውጥረት አላት። የፑሊዎቹ አሰላለፍም በቀጥታ ገመድ ወይም በረጅም ቀጥ ያለ እንጨት መታየት አለበት፤ የተንጋደደ ፑሊ አዲስ ቺንጋን ሳይቀር በጎኗ ይበላታል።

ሁለትና ሦስት ቺንጋ ጎን ለጎን በሚሠሩበት ወፍጮ አንዷ ስትበጠስ ሁሉንም በአንድ ላይ መቀየር ይገባል። አዲሷ ከአሮጌዎቹ ስለምታጥር ጭነቱን ብቻዋን ተሸክማ ቶሎ ትበጠሳለችና ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቺንጋው መከለያ ሊኖረው ይገባል። ጋቢና ነጠላ የለበሰ ሰው፣ እህል ተሸክሞ በጠባብ ወፍጮ ቤት ሲያልፍ፣ የልብሱ ጫፍ በፑሊ ቢያዝ ሞተሩን ለማጥፋት እንኳ ጊዜ አይኖርም።

መቼ ይቀየራል?

በእንክብካቤ የተያዘ ቀበቶም ያረጃል። የውስጥ ገጹ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ፣ ጠርዙ ከተተለተለ፣ ላዩ ከተሰነጠቀ ወይም ዘይት ተቀብቶም ሞተሩ መጨነቁን ካላቆመ መቀየሪያው ደርሷል። ቀበቶው ሲቀየር ጣውላውም አብሮ መታየት አለበት። በተላጠ ጣውላ ላይ የተገጠመ አዲስ ቀበቶ በአጭር ጊዜ የአሮጌውን ዕጣ ይከተላል። የአንዳንድ ማሽኖች ጣውላ በሁለቱም ገጹ የተለበጠ ስለሆነ ተገልብጦ እንደገና ሊያገለግል ይችላል፤ ይህን ማወቅ አዲስ ጣውላ ከመግዛት ያድናል።

የዘይት ቀኑን በወረቀት ጽፎ ማሽኑ ጎን ላይ መለጠፍ፣ በወር አንዴ እጅን ከቀበቶው ሥር አስገብቶ መዳሰስና ትክክለኛውን ዘይት በቤት ማኖር ከዚህ ሁሉ ወጪ ይታደጋል። ማሽኑ ለጥገና በቆመበት ሳምንትም ቢሆን እርምጃው መቋረጥ የለበትም። ዝናቡ ሲያባራ የሆጤ ስታዲየም ዙሪያ ዘይትም ሆነ መብራት ሳይጠይቅ ለእግረኛ ክፍት ነው።